ስንቁን ማን ተሸከመው?

እኛ በካርቲየ 7 ቢስ የምናስተምር መምህራን የዓድዋን ታሪክ ባነሳን ቁጥር ተማሪዎቻችን ቶሎ ብለው የሚጠሩልን የጦር አዝማቾችን ስም ነው። ራስ አሉላ፣ ራስ መኮንን፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ጥሩ ነው፣ ይጠሩ። ግን መቶ ሺህ የሚገመት ሰው በእግሩ ትግራይ ድረስ ሲዘምት ምን በላ? ውሃውን ማን ቀዳለት? ብለን ስንጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የታሪክ መጽሐፎቻችንም ቢሆኑ እዚህ ላይ ብዙ አይናገሩም።

የዛሬ ሠራዊቶች ሎጂስቲክስ የሚሉት ነገር በእኛ ቋንቋ ስንቅና ትጥቅ ነው። ተዋጊውን ከኋላ ሆኖ የሚደግፈው ደግሞ ደጀን ይባላል። በዘመናዊ ጦር ውስጥ መኪና ጠጋኙ፣ ነዳጅ አመላላሹ፣ ሐኪሙ፣ የሬዲዮ ሠራተኛው፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ የራሳቸው መምሪያ አላቸው፤ ደመወዝም ማዕረግም አላቸው። በ1888 ዓ.ም. ሥራው ነበር፣ መምሪያው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ወታደሩ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ሚስቱ ወይም አገልጋዩ አብራው ትሄዳለች፤ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ሲቆስልም ታስታምመዋለች። በቅሎው፣ አህያው፣ አጋሰሱ ከኋላ ይከተላል። እንግዲህ ያ ሁሉ ሕዝብ ተዋጊ ብቻ አልነበረም። በውጊያው ቀንም ሴቶች በጥይት መካከል ውሃ ያቀብሉ ነበር።

የስንቅን ነገር ከማንም በላይ የተረዱት እቴጌ ጣይቱ ይመስሉናል። ኅዳር 1888 አምባላጌ ላይ ድል ከተገኘ በኋላ ጦሩ መቀሌ ሲደርስ ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ በሠሩት ምሽግ ውስጥ ነበሩ። ምሽጉን በቀጥታ ለመያዝ ተሞከረ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። እቴጌይቱ ውሃው እንዲያዝ መከሩ፣ ሰዎቻቸውንም ላኩ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሻለቃ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። መድፍ ያልሠራውን ጥም ሠራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የረሃብ ታሪክ ነው። በየካቲት ሁለቱም ጦር ተፋጦ ቁጭ ብሎ የሌላውን ስንቅ ማለቅ ይጠብቅ ነበር። ጄኔራል ባራቲዬሪ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ምግብ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ወደኋላ እንመለስ ብሎ ሲያማክር የበታች ጄኔራሎቹ አልተስማሙም። በአፄ ምኒልክም ሰፈር እህል እያለቀ ነበርና ጥቂት ቢቆይ ኖሮ ጦሩ መነሳቱ አይቀርም ነበር። ጣሊያን ግን የካቲት 23 ራሱ መጣ። ከድሉ በኋላ ምኒልክ ለምን ወደ ኤርትራ አልገፉም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ፤ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የስንቅ ማለቅ ነው።

ታዲያ ያ ሁሉ እህል ከየት መጣ? ከገበሬው። ስንቁን የጨረሰ ወታደር ያለፈበትን አገር ነው የሚበላው። የትግራይ ገበሬ ደግሞ ከክፉ ቀን ገና መውጣቱ ነበር። ያንን ረሃብ ያመጣው የከብት በሽታ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ለጣሊያን ጦር ተብለው በምጽዋ ከገቡ ከብቶች ነው የተነሳው። የአንዱ ጦር ስንቅ በሬውን ገደለበት፣ የሌላው ጦር የቀረችውን እህል በላበት። ድሉን ስናከብር ይህንንም ለተማሪ መንገር አለብን ብለን እናምናለን።

ጠመንጃውስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር ይመጣል። ከጅቡቲ ከተማ ባሕሩን ተሻግሮ ታጁራ ይገኛል። ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ለምኒልክ የሚሸጠውን 2000 ያህል ጠመንጃ ይዞ እዚያ ወራት ተቀመጠ፤ በፈቃድ፣ በሸሪኮቹ መታመምና መሞት፣ በግመል ጉዳይ። እ.ኤ.አ. በ1886 መጨረሻ ተነስቶ አንኮበር የደረሰው በ1887 መጀመሪያ ነው። የራምቦን ስም ዓለም ያውቀዋል። በዚያ በረሃ ግመሎቹን የነዱትን ግን የሚጠራቸው የለም።

ግመሉን ባቡር ተካው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ 784 ኪሎ ሜትር። ብቻ ሐዲዱ የኢትዮጵያ ደጀን ቢሆንም በሩ የፈረንሳይ ነበር። በጥር 1935 ላቫልና ሙሶሊኒ ሲስማሙ ጣሊያን ከባቡሩ ኩባንያ አክሲዮን አገኘች፤ ጦርነቱ ሲመጣም ፈረንሳይ መሣሪያ በዚህ መንገድ እንዳያልፍ እንቅፋት ሆነች። ጣሊያን በበኩሏ በምጽዋ በኩል መኪናውንም መንገድ ሠራተኛውንም ታግተለትል ነበር። በግንቦት 1936 አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ።

በ1977 በኦጋዴን ጦርነት የሐዲዱ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ቆመ። ጅቡቲ ነጻ የወጣችው በዚያው ዓመት ጁን 27 ነው፤ አሊ ሳቢህና ዲኪል ላይም ከጦርነቱ የሸሹ ስደተኞች ሰፈሩ። ከ1998 ጦርነት በኋላ ደግሞ የአሰብ መንገድ ተዘጋና የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ፒኬ 12 ላይ የሚቆሙት የጭነት መኪናዎች ታሪክ ከዚህ ይጀምራል።

ዛሬ የትልልቆቹ አገሮች ደጀንም እዚሁ ነው። ሌሞኒየ ላይ አሜሪካኖች አሉ። ቻይና በ2017 ዶራሌ ላይ የከፈተችውን ደግሞ ጦር ሰፈር አትለውም፤ የድጋፍ ጣቢያ ነው ትላለች። ስሙ ሲሰማ ቀላል ይመስላል እኮ!

ለዚህ ወር የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የሚከተለውን እንዲሠሩ ጠይቀናል። በቤታችሁ ወይም በጎረቤት በባቡር፣ በወደብ፣ በጭነት መኪና ወይም ለወታደር ምግብ በማብሰል የሠሩ አባት ወይም እናት ካሉ ጠይቋቸው። ምን ይሸከሙ ነበር? ማን ይከፍላቸው ነበር፣ ወይስ አይከፈላቸውም? ፈቃዳቸው ካልሆነ ስማቸውን አትጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በአማርኛ፣ በሶማልኛ፣ በአፋርኛ ወይም በፈረንሳይኛ መጻፍ ይቻላል።