የ532 ቍጥር ጠባይና የታሪክ ዘመን አወሳሰን

በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። ድጓ የዓመቱን በዓላት ተከትሎ የሚዜም ስለ ሆነ፣ ጾሙ የሚገባበትንና ፋሲካ የሚውልበትን ቀን ማወቅ ግድ ይላል፤ ይህም የሚገኘው በባሕረ ሐሳብ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው የባሕረ ሐሳብን ሥርዓት በሙሉ ሳይሆን፣ ዐቢይ ቀመር የሚባለውን የ532 ዓመት ዙርና በታሪክ ተማሪ ላይ የሚያመጣውን ችግር ነው።

ዓመቱ የሚገባበት ዕለት በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ ግን ሁለት ቀን ይራመዳል። ስለዚህ የሳምንቱ 7 ዕለታትና 4ቱ ወንጌላውያን አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው። የጨረቃ ዙር ደግሞ 19 ዓመት ነው። 28ንና 19ን ከ1 በቀር እኩል የሚያካፍል የጋራ ቍጥር ስለሌለ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ተባዝተው በሚገኘው በ532 ዓመት ብቻ ነው። የአኲታንያው ቪክቶሪየስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ457 ያዘጋጀው የፋሲካ ሠንጠረዥም በዚሁ ቍጥር የቆመ ነበር።

ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስንል ከልደት መቍጠራችን ነው። በቀድሞ መጻሕፍት ግን ከዐቢይ ቀመሩ መጀመሪያ የተቈጠረው ዓመት በዚሁ ስም ተጽፎ ይገኛል። የዚህ ቍጥር መነሻ ዘመነ ሰማዕታት ነው፤ ከዚያ በፊት ከዓለም ፍጥረት 5776 ዓመት ተፈጽሟል፤ ይኸውም 76 በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በዚህ ላይ 532 እየጨመርን 5500 ብንቀንስ፣ ተከታዮቹ ዙሮች በ809፣ በ1341 እና በ1873 እንደ ጀመሩ እናገኛለን።

ለምሳሌ ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስጐትተው ወደ መቅደላ ጕዞ የጀመሩት ከልደት በ1860 ነው። ይህ በዙሩ 520ኛው ዓመት ነው። ነገር ግን ዐፄ ዐምደ ጽዮን በዙፋን ላይ የነበሩበት 1328ም በፊተኛው ዙር 520ኛው ነበር። በሁለቱም ዘመኑ ዮሐንስ፣ መስከረም 1 ረቡዕ፣ አበቅቴ 6፣ መጥቅዕ 24 ነው። እንግዲህ አንድ ተማሪ በብራና ኅዳግ ላይ «በ520 ዓመተ ምሕረት» የሚል ቃል ብቻ ቢያገኝ፣ ዕለቱና አበቅቴው ቢጨመርለት እንኳ ሁለቱን ዘመናት ሊለይ አይችልም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የዕለትና የጨረቃ መስማማት በአንድ ዙር ውስጥ ዓመትን ለማረጋገጥ ቢረዳም፣ ዙሩን ግን ፈጽሞ እንደማይለይ ነው። ለካህኑ የበዓሉን ቀን ሳያዛንፍ የሚመልስለት ይኸው ጠባይ፣ የታሪክ ጸሐፊውን በ532 ዓመት ሊያስት ይችላል። ስለዚህ በደቡብ ጎንደር አድባራት ያሉትን የብራና መጻሕፍት የሚመረምር ሁሉ፣ ሒሳቡ ስለ ሰመረለት ብቻ ዘመኑን መወሰን የለበትም፤ አስቀድሞ የንጉሡንና የጳጳሱን ስም፣ የፊደሉንም አጣጣል መመርመር ይገባዋል።