የፖሊኖሚያል ፋክተራይዜሽን

የፖሊኖሚያል ፋክተራይዜሽን በአልጀብራ አንድን ፖሊኖሚያል በሌሎች ፖሊኖሚያሎች ብዜት መልክ መጻፍ ነው። ተባዝተው ፖሊኖሚያሉን የሚሰጡት ክፍሎች ፋክተሮች ይባላሉ። 15 = 3 × 5 እንደሆነ ሁሉ ሀ² + 5ሀ + 6 = (ሀ + 2)(ሀ + 3) ነው። እዚህ ላይ ሀ ተለዋዋጭ ነው።

ጥቅም

የሁለት ቁጥሮች ድምር ዜሮ መሆኑ ስለ እያንዳንዳቸው ብዙ አይነግረንም፤ ብዜታቸው ዜሮ ከሆነ ግን ቢያንስ አንደኛው የግድ ዜሮ ነው። በዚህ ምክንያት ሀ² + 5ሀ + 6 = 0 የሚለው እኩልታ በሁለት ቀላል እኩልታዎች ይተካል፦ ሀ + 2 = 0 ወይም ሀ + 3 = 0። መፍትሔዎቹም −2 እና −3 ናቸው።

ሕጉ የሚሠራው በአንድ ወገን ዜሮ ሲኖር ብቻ ነው። (ሀ − 1)(ሀ − 2) = 6 ከተባለ ሀ − 1 = 6 ብሎ መቀጠል ስሕተት ነው። መጀመሪያ ብዜቱን ዘርዝሮ፣ ከሁለቱም ወገን 6 ቀንሶ ሀ² − 3ሀ − 4 = 0 ማድረግ ይገባል። ይህም (ሀ − 4)(ሀ + 1) = 0 ስለሆነ መፍትሔዎቹ 4 እና −1 ናቸው።

ዋና ዋና ዘዴዎች

• የጋራ ፋክተር ማውጣት፦ 6ሀ³ + 9ሀ² = 3ሀ²(2ሀ + 3)። ከሌሎቹ ሁሉ በፊት የሚሞከረው ይህ ዘዴ ነው።

• ድምርና ብዜት፦ ለሀ² + 7ሀ + 12 ድምራቸው 7፣ ብዜታቸው 12 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ይፈለጋሉ። እነሱም 3 እና 4 ስለሆኑ መልሱ (ሀ + 3)(ሀ + 4) ነው።

• የካሬዎች ልዩነት፦ ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)። በቃል ለማስላትም ይረዳል፦ 49 × 51 = 50² − 1² = 2,499።

• በቡድን መክፈል፦ ሀ³ + 2ሀ² + 3ሀ + 6 = ሀ²(ሀ + 2) + 3(ሀ + 2) = (ሀ + 2)(ሀ² + 3)።

በማንኛውም ዘዴ የተገኘ መልስ ፋክተሮቹን መልሶ በማባዛት ይረጋገጣል።

የማይከፈሉ ፖሊኖሚያሎች

አንድ ፖሊኖሚያል ወደ ፋክተሮች መከፈሉ በተፈቀዱት ቁጥሮች ይወሰናል። ሀ² − 2 በራሽናል ቁጥሮች አይከፈልም፤ በሪል ቁጥሮች ግን (ሀ − √2)(ሀ + √2) ይሆናል። ሀ² + 1 ደግሞ በሪል ቁጥሮችም አይከፈልም፤ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን ይፈልጋል።

ሆኖም ዜሮ የሚያደርገው ሪል ቁጥር የሌለው ፖሊኖሚያል ሁሉ አይከፈልም ማለት አይደለም። ሀ⁴ + 4 ለየትኛውም ሪል ቁጥር ዜሮ አይሆንም። ነገር ግን 4ሀ² ተደምሮበት መልሶ ሲቀነስ (ሀ² + 2)² − (2ሀ)² ይሆናል፤ ይህም የካሬዎች ልዩነት ስለሆነ ወደ (ሀ² + 2ሀ + 2)(ሀ² − 2ሀ + 2) ይከፈላል።