የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በእስልምና ሕግና በኢራን ኅብረተሰብ

የሎጥና የሰዶም ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 19 ተጽፎ ይገኛል። ይኸው ታሪክ በቁርኣንም በአዕራፍ፣ በሁድ፣ በሹዐራእና በሌሎችም ሱራዎች ተደጋግሞ የተነገረ ሲሆን ሎጥ በዚያ «ነቢዩ ሉጥ» ይባላል። አማርኛው በከተማይቱ ስም «ግብረ ሰዶም» ያለውን ድርጊት የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ከነቢዩ ስም በወጣ ቃል «ሊዋጥ» ይሉታል። መነሻው ታሪክ አንድ ቢሆንም በእስልምና ሕግና በኢራን ኅብረተሰብ ውስጥ የተሰጠው ፍርድ ግን የራሱ ረጅም መንገድ አለው። ስለ ሌላው እምነትና ሕዝብ ስንናገር በእውነት መናገር ይገባናልና ነገሩን ከሥሩ እንመልከት።

በእስልምና ሕግ

ቁርኣን የሉጥን ሕዝብ ድርጊት አጥብቆ ይነቅፋል፤ ይሁን እንጂ ዳኛ የሚፈርደውን የተወሰነ ቅጣት በግልጽ አያስቀምጥም። በሱረቱን ኒሳእ ቁጥር 16 ስለ ሁለት አጥፊዎች መቀጣትና ከተጸጸቱም ስለ መተው የተነገረው ቃል ለዚህ ጉዳይ መሆን አለመሆኑ ሊቃውንቱን አከራክሯል። በዚህም ምክንያት ፍርዱ የተመሠረተው በሐዲስና በሊቃውንት ትርጓሜ ላይ ነው። አቡ ሐኒፋ ቅጣቱ በዳኛው ውሳኔ የሚወሰን «ተዕዚር» ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ የሱኒ የሕግ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው «ሐድ» ማለትም የተደነገገ ቅጣት አድርገውታል። ኢራን የምትከተለው የሺዓ የጃዕፈሪ ሕግም እስከ ሞት የሚያደርስ ቅጣት ደንግጓል። በዘመናችን እንደ ስኮት ኩግል ያሉ ጥቂት ሙስሊም ጸሐፊዎች የሉጥ ታሪክ የሚነቅፈው በእንግዶች ላይ የተቃጣውን ግፍ ነው የሚል ትርጓሜ አቅርበዋል፤ አብዛኞቹ የእምነቱ ሊቃውንት ግን አልተቀበሏቸውም።

በፋርስ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ

የፋርስ ቋንቋ እንደ አማርኛችን «እሱ»ና «እሷ» ብሎ ጾታን አይለይም፤ ለሁለቱም ተውላጠ ስሙ አንድ ነው። ስለዚህ እንደ ሳዲና ሐፊዝ ያሉ ባለቅኔዎች የሚያወድሱት ተወዳጅ ሴት ይሁን ወንድ ወይም ፈጣሪ ራሱ አንባቢው ብዙ ጊዜ በትርጓሜ ይለየዋል። የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ ለባሪያው ለአያዝ የነበረው ፍቅር ደግሞ በሥነ ጽሑፉ የፍጹም ታማኝነት ምሳሌ ሆኖ ኖሯል። ታሪክ ጸሐፊዋ አፍሳኔ ናጅማባዲ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንዳስረዳችው፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢራናውያን ከአውሮፓውያን ጋር ሲገናኙ ይህን ልማድ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ማየትና ማፈር ጀመሩ። ሕጉ ይከለክል፣ ቅኔው ግን ይናገር በነበረበት አገር ዝምታ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ያለው ሕግ

ከ1979 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የሃይማኖቱ ሕግ የመንግሥት ሕግ ሆነ። በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት በሊዋጥ ተደራጊው በፈቃዱ ከሆነ በሞት ይቀጣል። አድራጊው በሞት የሚቀጣው ድርጊቱን በግድ ከፈጸመ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የጋብቻ ሁኔታ ካሟላ ወይም ሙስሊም ሳይሆን ተደራጊው ሙስሊም ከሆነ ነው፤ ካልሆነ 100 ግርፋት ይፈረድበታል። በሴቶች መካከል የሚፈጸመው «ሙሳሐቃ» 100 ግርፋት ያስቀጣል።

ለማስረጃ የአራት ወንዶች ምስክርነት ወይም አራት ጊዜ የተደገመ የእምነት ቃል ይጠየቃል፤ ተከሳሹ ወንጀሉ ከመረጋገጡ በፊት ከተጸጸተም ቅጣቱ ሊነሣለት ይችላል። ነገር ግን ሕጉ ዳኛው በራሱ «ዕውቀት» እንዲፈርድም ስለሚፈቅድ ይህ ጥንቃቄ ሁልጊዜ መከታ አይሆንም።

ጾታን ስለ መቀየር

በሌላ በኩል አያቶላህ ኾሜይኒ ጾታን በሕክምና መቀየር የተፈቀደ ነው ብለው ፈርደዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማርያም ኻቱን ሞልክአራ ጉዳይዋን ፊት ለፊት ካቀረበችላቸው በኋላ ፈቃዱ ጸንቶ በሥራ ላይ ዋለ፤ መንግሥትም ለሕክምናው የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። የዚህ ፈቃድ ሌላው ገጽታ ግን አሳዛኝ ነው፤ ጾታቸውን መለወጥ የማይሹ አንዳንዶች ከቅጣትና ከቤተሰብ ቁጣ ለመዳን ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገፉ ይታያል።

በኅብረተሰቡ ውስጥ

በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት አሕመዲነጃድ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተገኝተው እንደ አሜሪካ ያለ ነገር በአገራቸው እንደሌለ ተናገሩ። ዳሩ ግን ሕግ ለሌለ ነገር አንቀጽ አይደነግግም። በኢራን ቤተሰብ ዘንድ «አበሩ» የሚባለው ክብር ከሁሉ በላይ ይጠበቃል፤ ልጅም እንዲያገባ ይገደዳል። ስለዚህ ብዙዎች ተሰውረው ይኖራሉ፣ ሌሎችም ወደ ቱርክ ተሰድደው በስደተኝነት ሦስተኛ አገር ይጠባበቃሉ።

እንግዲህ ኢራንን በአንድ ቃል መግለጽ አይቻልም፤ የሚነቅፍ መጽሐፍ፣ የሚያወድስ ቅኔ፣ የሚገድል ሕግና የሚሰወር ሰው በአንድ አገር ይገኛሉ። ድርጊቱን በእምነት መመዘን አንድ ነገር ነው፤ የሰውን ሕይወት በዳኛ ግምት ማጥፋት ግን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ሳይለይ የሚናገር ሰው የጎረቤቱንም እምነት፣ የሰውንም መከራ በትክክል አላወቀም።