ከሞተች በኋላ የተሳለች ሚስት

አያቴ ባረፈች ሌሊት ለእኔ የደረሰኝ ሥራ ፎቶ መፈለግ ነበር። ድንኳን የሚያስተክል፣ ለዕድሩ የሚናገር፣ ቄስ የሚጠራ ሌላ ሰው ነበረ። እኔ "ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ" ስለሆንኩ ለቀብሩ ተይዞ የሚወጣውን ባለ ፍሬም ፎቶ አዘጋጅ ተባልኩ። ስልኬ ውስጥ ከ11 ሺህ በላይ ፎቶ አለ፤ ግማሹ ስክሪንሾት ነው። የእሷ ሁለት ብቻ ተገኘ። በአንዱ ጀርባዋን ሰጥታ ቡና ትቀዳለች፣ በሌላው ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ፎቶ አነሳሁና ኤአይ እንዲያጠራው ሰጠሁት። ጠራ። ቆዳዋ ለሰለሰ፣ ዓይኗ አበራ። አክስቴ ስክሪኑን አየት አድርጋ "ቆንጆ ናት፤ ግን ይቺ ማን ናት?" አለችኝ።

ያን ሰሞን ነው የኤድጋር አለን ፖ ሚስት፣ የቨርጂኒያ ክለም፣ ምስል ላይ ደጋግሜ ማፍጠጥ የጀመርኩት። በእርግጥ የእሷ ነው ተብሎ የሚታመነው መልኳ ያ አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ብቻ ነው። የተሳለው ደግሞ ከሞተች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው።

ፖ ያገባት እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። የአክስቱ ልጅ ናት፤ እሱ 27፣ እሷ 13 ዓመታቸው ነበር፣ በጋብቻው ወረቀት ላይ ግን 21 ዓመቷ ነው ተብሎ ተመሰከረ። (ዛሬ ስናነበው ይከብደናል፣ ሊከብደንም ይገባል።) በጥር 1842 ቤታቸው ውስጥ እየዘፈነች ሳለ ከአፏ ደም መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖረች፤ አንዴ ሻል ሲላት፣ አንዴ ሲብስባት፣ ፖም አብሯት ተስፋ ሲያደርግና ተስፋ ሲቆርጥ።

እኔን የገረመኝ ግን ፎቶግራፍ ያኔ መኖሩ ነው። የዳጌር ፈጠራ ለዓለም የተገለጠው በ1839 ነው። በጥር 1840 ፖ ፊላደልፊያ ውስጥ በሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ዳጌሮታይፕ ጻፈ፤ ከዘመናዊ ሳይንስ ድሎች ሁሉ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም አለ። ክርክሩ ለእኔ ቢጤ ኢንጂነር የሚጥም ነው። የሰው እጅ የሳለውን በማይክሮስኮፕ ብታየው፣ ከተፈጥሮ ጋር ያለው መመሳሰል ይጠፋል። የዳጌሮታይፕ ሳህን ግን በቀረብከው ቁጥር የበለጠ እውነት ያሳይሃል። ሰውዬው ሬዞሉሽን ምን እንደሆነ ገብቶታል!

እንግዲህ ይህን የጻፈ ሰው ነው ሚስቱን ሳያስነሳ የቀረው። እሱ ራሱ በተለያየ ጊዜ ተነስቷል፤ ዛሬ ቲሸርት ላይ የምናየው ያ የተጎሳቆለ ፊቱ በኅዳር 1848፣ እሷ ከሞተች በኋላ፣ ፕሮቪደንስ ከተማ የተነሳው ነው።

ድህነት ነው ልንል እንችላለን፣ ድሆችም ነበሩ። እኔ ግን ሌላም ነገር ያለበት ይመስለኛል። የታመመን ሰው "ነይ ፎቶ ተነሺ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ተናጋሪውም ሰሚዋም ያውቁታል። እኔም አያቴን በመጨረሻዎቹ ወራት ያላነሳኋት ለዚህ ነው። ስልኬን ባወጣ ትረዳዋለች ብዬ ፈራሁ።

ፖ ፍርሃቱን ልብ ወለድ ውስጥ ሳያስገባው አልቀረም። ቨርጂኒያ ደም በተፋች በሦስተኛው ወር፣ በሚያዝያ 1842፣ አንድ አጭር ታሪክ አሳተመ። ኋላ ላይ "ሞላላው ምስል" ብሎታል። አንድ ሰዓሊ ወጣት ሚስቱን ይስላል። ሸራው ላይ ቀለም በጨመረ ቁጥር ከጉንጯ ላይ ቀለም ይቀንሳል፤ እሱ ሥዕሉን እንጂ እሷን አያይም። ጨርሶ ቀና ሲል ሞታለች። ምስሏ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ፍሬም ውስጥ ቀረ።

በ1846 ዛሬ ብሮንክስ ውስጥ ወዳለችው ፎርድሃም፣ ወደ አንዲት ትንሽ ጎጆ ገቡ። ሊጠይቋቸው የሄዱ ሰዎች እንደተናገሩት፣ ቨርጂኒያ የገለባ ፍራሽ ላይ ተኝታ የምትሞቀው በባሏ ካፖርትና ደረቷ ላይ በምትተኛው ድመት ነበር። ሜሪ ሉዊዝ ሹ የምትባል ደግ ሴት አልጋ ልብስና ገንዘብ ይዛ ደረሰች። ጥር 30 ቀን 1847 ቨርጂኒያ አረፈች። 24 ዓመቷ ነበር።

አንድም ምስሏ እንደሌላቸው ትዝ ያላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሥዕሉ ላይ የለበሰችው ያማረ ነጭ ጨርቅ ሹ ለቀብር ያለበሰቻት ነው። አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፣ ከአገጯ ስር ትንሽ ሥጋ ይታያል። እስከዚህ ድረስ ሰዓሊው ያየውን ነው የሳለው። ዓይኖቿ ግን ገርበብ ብለው ተገልጠዋል፣ ቡናማ አረንጓዴ ቀለማቸው ሳይቀር ይታያል። አስከሬን እንደዚያ አያይም። ያ እይታ የመጣው ከሰዓሊው ወይም ከቤተሰቡ ትዝታ መሆን አለበት፤ በማይክሮስኮፕ ብታየው ቀለም ብቻ ነው። ሥዕሉ በኋላ በአባት ለምትገናኛት እህቷ ቤተሰብ ሲወራረስ ኖረ። ዛሬ ስለ ቨርጂኒያ የሚጻፍ ሁሉ ፊት የሚሰጣት ከዚያ ነው።

እኔ ኤአይ ያጠራውን ሰረዝኩት። ሊነጋ ሲል መታወቂያዋን እንዳለ ይዤ ፎቶ ቤት ደጃፍ ቆምኩ፣ ሲከፈት አሳድጉልኝ አልኳቸው። ብዥ ብሏል። የቀበሌው ማህተም ግማሹ ትከሻዋ ላይ አርፏል። አክስቴ ፍሬሙን ተቀብላኝ እያለቀሰች ወጣች፤ አሁን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።