ሥነ ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ክፍል ለምን ወጣ? ለምንስ ተመለሰ?

ዣክ ፕሬቬር እ.ኤ.አ. በ1946 በወጣው «ፓሮል» በተሰኘ መድብሉ ውስጥ «ደዥኔ ዱ ማታን» የሚል አጭር ግጥም አለው። አንድ ሰው ቡናውን ይቀዳል፣ ወተትና ስኳር ይጨምራል፣ ሲጋራውን ያጨሳል፤ ከዚያም የዝናብ ልብሱን ለብሶ በዝናብ ይወጣል። አጠገቡ ላለው ተራኪ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ቃላቱ ማንም ጀማሪ የሚያውቃቸው ናቸው። ግሶቹም ከሞላ ጎደል በ«ፓሴ ኮምፖዜ» የቀረቡ ናቸው፤ ተማሪው መጀመሪያ የሚለማመደው የኃላፊ ጊዜ ይኸው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መምህራን ግጥሙን የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ግስ ሊያረባ የተቀመጠ ወጣት ዝምታ ሰውን እንዴት እንደሚያቆስል ያነባል፤ ሰዋስዉን ከዚያ በኋላ አይረሳውም።

ይሁንና ለረጅም ዘመን ሥነ ጽሑፍ ለጀማሪ የሚገባ ነገር ተደርጎ አልታየም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይኛ እንደ ላቲን ይሰጥ ነበር፦ ሕጉን ማጥናት፣ ከዚያ የታላላቆቹን ሥራ መተርጎም። በ1953 መታተም የጀመረው የጋስቶን ሞዤ ዝነኛ መማሪያ መጽሐፍም በ4 ቅጽ ተዘጋጅቶ ለደራስያኑ የተሰጣቸው የመጨረሻው ቅጽ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው፤ ትምህርቱን መሐል ላይ የተወ ተማሪ አይደርስበትም።

በዚያው በ1950ዎቹ በዦርዥ ጉገንኤም የተመራ ቡድን የሰዎችን ተራ ጭውውት በቴፕ ቀድቶ ቃላቱን ቆጠረ። በየቤቱ ያሉ የዕቃ ስሞች በቆጠራው እምብዛም ስላልተገኙ፣ ተማሪዎች በየርዕሰ ጉዳዩ የሚያስታውሷቸውን ቃላት እንዲጽፉ ተደረገ። ከዚህ ሥራ «ፍራንሴ ፎንዳማንታል» የሚባለው መነሻ የቃላት ዝርዝር ወጣ፤ በሥዕልና በቴፕ የሚያስተምሩ ዘዴዎችም ተከተሉ። ዓላማቸው ትክክል ነበር፤ የተውኔት ደራሲውን ራሲንን ተርጉሞ የባቡር ቲኬት መጠየቅ የሚያቅተው ተማሪ መኖር አልነበረበትም። ሆኖም ለተማሪው የተሰጡት ንግግሮች የማንም ያልሆኑ፣ ማንም የማይከፋባቸውና የማይናፍቅባቸው ነበሩ። በ1976 የአውሮፓ ምክር ቤት ያወጣው «አን ኒቮ ሰይ» የተሰኘ የቋንቋ ትምህርት ሰነድም ይበልጡን ያተኮረው በመጠየቅ፣ በመቃወም፣ ይቅርታ በማለትና በመሳሰሉት ላይ ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ከእነዚህ ንግግሮች የጎደለውን ስሜት ሊሞላ በ1980ዎቹ ሲመለስ አመጣጡ ተለውጦ ነበር። አጭር ጽሑፍ ይቀርባል፤ ተማሪው ይገምታል፣ ይከራከራል፣ ራሱም ይጽፋል። ምርጫውም ከፓሪስ ወጣ፤ የጊኒው ካማራ ላዬና የሴኔጋሏ ማርያማ ባ ወደ ክፍል ገቡ። የካሙ «ሌትራንዤ» (1942) ትረካው በአብዛኛው በ«ፓሴ ኮምፖዜ» ስለሆነ፣ ጥቂት ዓመት የተማረ ወጣት ሙሉ ልቦለድ ሊደፍር ይችላል። ይህ ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ የሚሰጠው ኩራት በየትኛውም የፈተና ውጤት አይተካም።

መመለሱ ግን በየቦታው እኩል አልጸናም። በአሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረው የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ የኤ.ፒ. (የኮሌጅ ደረጃ) ፈተና በ2009 ተቋርጧል። በአውሮፓ በኩል ደግሞ የምክር ቤቱ የቋንቋ ብቃት ማዕቀፍ በ2018 ሲሰፋ፣ ለሥነ ጽሑፍ የሚሰጥ የግል ምላሽ የራሱ መለኪያ ተበጀለት። መለኪያው የሚጀምረው ከመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ጥቂት ቃላት ብቻ ያለው ተማሪ ያነበበው ነገር ምን ስሜት እንዳሳደረበት በእነዚያው ቃላት እንዲናገር ይጠበቃል።