የታሰረው ዩራኒየም

የቀድሞ ተማሪዎቼ «ባክቴሪያ ከባድ ብረቶችን ይበላል ወይ?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ዴሪክ ላቭሊ ከአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ጭቃ ያገኘው ባክቴሪያ፣ ጂኦባክተር፣ እኛ በኦክስጅን እንደምንተነፍስ በብረት ዝገት ይተነፍሳል። በ1991 ደግሞ ውሃ ውስጥ የሟሟ ዩራኒየምን ወደማይሟሟ ዝቃጭ እንደሚለውጥ ታወቀ።

በ2002 ኮሎራዶ፣ ራይፍል ላይ፣ የድሮ ዩራኒየም ማጣሪያ የበከለው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ አሲቴት፣ ያው የኮምጣጤ ዘመድ፣ ጨመሩለት። ጂኦባክተር በላ፣ ተራባ፤ በውሃው ያለው ዩራኒየም በሳምንታት ውስጥ ቀነሰ። ቆይቶ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ሲይዙ መልሶ ጨመረ።

መልሴ ይኸው ነው፦ ባክቴሪያ ብረቱን ያስረዋል እንጂ አያጠፋውም። ኦክስጅን ከገባ እስረኛው ሊፈታ ይችላል። «ውሃው ጸዳ» ሲሏችሁ «ጠባቂውስ ማነው?» በሉ።