ተጠባባቂው ሯጭ



በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ዘንድ ክረምት ከበጋ የማይበርድ አንድ ክርክር አለ። ሜዳ ላይ ስለሚሰለፉት አምስት ተጫዋቾች የሚከራከሩትን ያህል፥ ከዳር ተቀምጠው ተራቸውን ስለሚጠብቁትም ይከራከራሉ። ማን ከየት ተመልምሎ መጣ? አንዱ ቢጎዳ ማን ይተካዋል? የተተኪውስ ጕልበት ከተተካው ጕልበት ይተካከላልን? እያሉ ይሟገታሉ። ነገሩን ስንመረምረው የአገራችንም የሩጫ ታሪክ በዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ሆኖ እናገኘዋለን።

በመንዝ፥ በግሼ፥ በመርሐቤቴና በተጉለት ደጋ ያደገ ሰው የገና ጨዋታን ያውቃል። አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሲገለጥ የላይ ቤትና የታች ቤት ጎበዞች ዱላቸውን ይዘው ይገጥማሉ። የተጫዋቹ ቍጥር የተወሰነ አይደለም፤ ግቡም አንዳንድ ጊዜ በኪሎ ሜትር ይራራቃል። አየሩ የሳሳ ነው፤ የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በእንዲህ ያለ ሜዳ አንድ ብርቱ ሰው ብቻውን ብዙ አይራመድም፤ እሱ ሲደክም እሩሯን ተቀብሎ የሚሮጥ ሌላ ያስፈልገዋል።

ከዚሁ ደጋ አጠገብ፥ በደብረ ብርሃን አካባቢ በምትገኘው በጃቶ፥ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ የገና ተጫዋች ነበረ። (በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ አጋጣሚ ነው እንጂ ትንቢት አይደለም።) አበበን ወደ ሩጫ ያመጣው የስፖርት መልማይ ሳይሆን የወታደር ቅጥር ነው። በዚያ ዘመን የሸዋ ደገኛ ወጣት ከእርሻ ወጥቶ ደመወዝ የሚያገኝበት አንዱ በር ወታደርነት ነበርና፥ አበበም በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ሌላው ዓለም ሯጭን በዩኒቨርሲቲ ሲያሳድግ፥ እኛ በጦር ሰፈር አሳደግን ማለት ነው። ምግቡ፥ የሰውነት ማጎልመሻው፥ በየጊዜው የሚደረገው የጦር ክፍሎች ውድድር በአንድ ግቢ ተገኘ፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ዓይኑን የጣለው በእነዚህ ወታደሮች ላይ ነበር።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ስለ አበበ ከሚነገሩት ታሪኮች ሁሉ ሰው የሚወደው፥ ወደ ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ምትክ ነው የሚለው ነው። ዋሚ እክል ገጠመውና በመጨረሻው ሰዓት ስሙን የማያውቀው ሰው የሌለው አበበ፥ ያን ጊዜ ግን ማንም የማያውቀው አበበ፥ ተጠርቶ ገባ ይባላል። ታሪኩ ያማረ ነው፤ ስለ አማረም ዕድሜው ረዘመ። ነገር ግን መዝገቡ አይደግፈውም። አበበ በ1952 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸንፏል። በሁለተኛው የገባበት 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ፥ ቼኮስሎቫካዊው ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር። እንዲህ ያለ ሰዓት ያለው ሰው በድንገት የተገኘ ምትክ ሊባል አይችልም። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው እንግሊዛዊው ቲም ጁዳም ጉዞው ከብዙ ጊዜ በፊት የታሰበበት ነበር ይላል፤ እኛም ከእሱ ጋር እንስማማለን።

ይሁን እንጂ በተረቱ ውስጥ አንድ የእውነት ፍሬ አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በተደረገው የጦር ኃይሎች ውድድር ዋሚ አንደኛ፥ አበበ ሁለተኛ ነበር። ከአበበ በፊት በሜልቦርን ኦሊምፒክ ባሻዬ ፈለቀና ገብሬ ብርቃይ ማራቶን ሮጠው ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በአጭርና በመካከለኛ ርቀት የተሳተፈው ማሞ ወልዴም ነበረ። እንግዲህ አበበ ብቻውን የበቀለ ዛፍ አልነበረም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮምን ድል ሲያደርግ፥ ሌላው የክቡር ዘበኛ ሰው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆኖ ገባ። የሰባተኛውን ስም ዛሬ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

ከሦስት ወር በኋላ ይህ የሯጮች ቤት ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ በአዛዡ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት የመንግሥት ግልበጣ ሞከረ፤ አበበም የነገሩ ተካፋይ ባይሆንም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተመርምሮ ተለቀቀ። ያ መልቀቅ ባይኖር የቶኪዮው ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ባልኖረም ነበር። ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ገና 35 ቀን ነበር፤ ቢሆንም በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ።

ስለ ቶኪዮ ሲነሣ ስለ ፊልም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ያነሣው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፊልም በአበበ ፊት ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ያን ፊት ያየ አይረሳውም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 የወጣው፥ ደስቲን ሆፍማን ሯጭ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የሚሠራበት «ማራቶን ማን» የተባለውም ፊልም የአበበን ሩጫ ያሳያል። በ2009 ደግሞ ራሰላስ ላቀው አበበን ሆኖ የሠራበት «አትሌቱ» ቀረበ። የካሜራ ጠባዩ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ይመርጣል፤ በዚያው ቀን በቶኪዮ አሥረኛ የወጣውን ደምሴ ወልዴን ለማስታወስ የውጤት ወረቀት ያስፈልጋል።

የወንበሩ ጥናት የታየው በሜክሲኮ ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በጕልበቱ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ። አገሪቱ ያላት አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን ማሞ ወልዴ ተከታዩን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ፤ መርዓዊ ገብሩም ስድስተኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የወንዶች የማራቶን ወርቅ ለ32 ዓመት ራቀን፤ በመካከሉም ከሦስት ኦሊምፒኮች ቀርተናል። ገዛኸኝ አበራ በሲድኒ መለሰው። ምልመላውም ከአንድ የጦር ሰፈር ወጥቶ ወደ ብዙ ክለቦች ተሠራጨ፤ ዝናውም ወደ አርሲ አጋደለ። ቢሆንም የደብረ ብርሃን ምድር ጌጤ ዋሚን አፍርቶ በ1991 ዓ.ም. በሴቪል የ10000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮና አድርጓል።

የሮሙ ተረት እውነት ሆኖ የተገኘው በፓሪስ ነው። አንድ አገር በማራቶን ከሦስት በላይ ማሰለፍ አይፈቀድለትምና፥ ታምራት ቶላ የተመዘገበው በተጠባባቂነት ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ተጠባባቂ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፥ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያም የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈ ሰው ነው! በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈው ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር፥ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ታምራት ተጠራ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በዚያ ኮረብታማ መንገድ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ገባ፤ ደሬሳ ገለታ አምስተኛ፥ ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ሆኑ። ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ በቤይጂንግ አስመዝግቦት 16 ዓመት የቆየው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰንም፥ ስሙ በመጀመሪያው ሦስት ውስጥ ባልነበረ ሰው በ6 ሰከንድ ተሻሻለ።